የተሰረዘው ቃል የተመለሰ ዕለት

ወገዳ ከተማ፣ ከመናኸሪያው በታች ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል የኮምፒውተር ጽሕፈት ሥራ እሠራለሁ። ማመልከቻ፣ የሠርግ ጥሪ፣ የተማሪዎች ፈተና፣ የመጣውን ሁሉ እተይባለሁ። ተወልጄ ያደግሁት እስቴ ነው፤ ወገዳ የመጣሁት እህቴ እዚህ ስላገባች ነው። ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሬ ስመረቅ አዲስ አበባ ሥራ ይጠብቀኛል ብዬ ነበር። አልጠበቀኝም። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ በዚያን ጊዜ ከኩራቴ የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ እንደነበር እንድታውቁ ነው። እሱም ራሴ የጻፍሁት የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም ነው።

የመመረቂያ ሥራዬ ነበር። ላፕቶፔ አሮጌ ስለሆነ እንደ ሌላው ሰው ባለ ብዙ መስኮት ፕሮግራም መሸከም አይችልም። ስለዚህ በስክሪኑ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ነጭ ፊደል ብቻ የሚያሳይ፣ ማውስ የማይፈልግ፣ ሁሉም ነገር በቁልፍ የሚታዘዝ ማዘጋጃ ሠራሁ። የእኛ ፊደል በጥቁሩ ሰሌዳ ላይ ሳይደራረብ እንዲሰለፍ ለማድረግ ያየሁትን ፍዳ እኔ ነኝ የማውቀው። የዚህን ፕሮግራም ሁለት ነገሮች አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ያለ እነሱ የሆነው ነገር አይገባችሁም።

አንደኛው መመለሻው ነው። የምጽፈውንና የምሰርዘውን ሁሉ ፕሮግራሙ በየተራው ይይዛል። አንዱን ቁልፍ ስጫን የመጨረሻውን ሥራዬን ይሽራል፤ ደግሜ ስጫን ከሱ በፊት የሠራሁትን። ሌላ ቁልፍ ደግሞ የተሻረውን ወደ ቦታው ያመጣል። ነገር ግን ወደ ኋላ ተመልሼ አንዲት ፊደል ከጻፍሁ የተሻረው ሁሉ ይጣላል፤ ከዚያ በኋላ የሚያመጣው የለም። ሁለተኛው ሰሌዳው ነው። ላፕቶፑ ደካማ ስለሆነ፣ አንድ ቁልፍ በተነካ ቁጥር ሰሌዳውን በሙሉ ከሚያድስ የምጽፍበትን መስመር ብቻ እንዲያድስ አደረግሁት። ፈጣን ሆነ። መምህሬም በዚህ አመስግኖኛል።

አንድ የጥር ማለዳ መምሬ ታከለ ሱቄ በር ላይ ቆሙ። መምሬ ከከተማው ራቅ ብሎ ያለ ደብር ካህንና በዚያ አገር የታወቁ አስታራቂ ናቸው።

«ልጄ፣ ይችን ማሽንሽን ይዘሽ ከኛ ጋር ትወጫለሽ?» አሉኝ።

«ወዴት መምሬ?»

«ደም ልናደርቅ ነው።»

ነገሩን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ይርጋ የሚባል ገበሬ በድንበር ጠብ ተገድሏል። ገዳዩ ተፈርዶበት ታስሯል፤ ጠቡ ግን በእስር አላበቃም። የገዳዩ እናት እማማ ጥሩ ከቀያቸው ተነሥተው ወገዳ እህታቸው ቤት ተጠግተዋል፤ መሬታቸው ጦሙን ያድራል። ታናሹ ልጃቸው በላይ የሟች ዘመዶች እንዳያገኙት ከዘመድ ዘመድ እየተሸሸገ ይኖራል። ሁለቱ ቤቶች ካልታረቁ ደሙ የሚፈለገው ከበላይ ነው። ይህን የማያውቅ አልነበረም፤ አፍ አውጥቶ የሚናገረው ግን የለም።

«ታዲያ የኔ ማሽን ምን ይሠራል?» አልኋቸው።

«ባለፈው ጨርሰን ወረቀቱ ከተማ ተወስዶ ተተየበ። ተመልሶ ሲነበብ ‹ቃል ተለውጧል› አሉና ፈረሰ። አሁን ሁላችንም እያየን ካልተጻፈ ወይ ፍንክች ብለዋል።»

የመምሬና የጓደኞቻቸው አሠራር እንዲህ ነው። መጀመሪያ ተበዳይ ሆዱ ውስጥ ያለውን ሁሉ ይናገራል፤ ክፉውም ሳይቀር ይጻፋል። ሳይነገር የቀረ ነገር ኋላ ጠላ ቤት ውስጥ ይወጣል ብለው ይፈራሉ። ከዚያ «የምትተወው ቃል የትኛው ነው?» ብለው ይጠይቁታል። የተወው ቃል በሁለቱም ወገን ፊት ይሰረዛል። ድሮ በወረቀት ሲሆን ያን ቦታ በምላጭ ቆርጠው በጧፍ ያቃጥሉት ነበር። ከተሰረዘ በኋላ ያን ቃል የደገመ ሰው ዕርቁን አፈረሰ ይባላል። በስህተት ይሁን በክፋት አይጠየቅም።

እኔ በእግሬ፣ ላፕቶፑ በጋቢ ተጠቅልሎ በመምሬ በቅሎ ሆነን ሄድን። በቅሎዋ በተሰናከለች ቁጥር ልቤ አብሯት ይሰናከል ነበር። መምሬ ይህን አይተው «አይዞሽ፣ ታቦት ተሸክማ የማታውቅ ብትሆን ነው እንጂ ጥንቁቅ ናት» ብለው ቀለዱብኝ።

ሰዉ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፣ ወይራ ሥር ተቀምጦ ጠበቀን። የሟች ወገን በአንድ በኩል፣ የገዳይ ወገን በሌላ በኩል፣ መሐላቸው ሽማግሌዎች። እኔን ድንጋይ መደብ ላይ አስቀመጡኝ። ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ የተማረ ሰው ግራና ቀኜ ሆነ። ከሟች ወገን አንድ ዝምተኛ ዲያቆን፣ ከእማማ ጥሩ ወገን የእህታቸው ልጅ ጌትነት፣ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነው። ፀሐይዋ ሰሌዳውን እንዳትሸፍነው ጋቢውን ከላይ ዘረጉልኝ። መምሬ «ሳይነበብ አይቀመጥም» ብለው አዘዙኝ፤ እስከ መጨረሻው ድረስ ማስቀመጫውን ቁልፍ ላልነካ ቃል ገባሁ።

የሟች ታላቅ ወንድም አስማረ ተነሣ። አርባ ዓመት ያለፈው፣ ረጅም፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ ሰው ነው። ይርጋ የሞተበትን ቀን ከማለዳው ጀምሮ ተናገረ፤ እኔ ጻፍሁ። ብዙ ሰው ሲናገር ተይቤአለሁ፤ እንደዚያ ያለ ግን አልገጠመኝም። ሳይቸኩል፣ ድምፁን ሳያነሣ፣ እያንዳንዷን ነገር በቦታዋ እያስቀመጠ ነበር የሚናገረው። ሴቶቹ ድምፅ ሳያሰሙ አለቀሱ፤ እኔም ዓይኔን እየጠረግሁ ነበር የምጽፈው።

ከዚያ ስለ እማማ ጥሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገረ። ያን ዓረፍተ ነገር እዚህ አልጽፈውም። ፍሬ ነገሩ የይርጋን ሞት ከልጁ እጅ ይልቅ በእናቲቱ ምላስ ላይ የሚጥል ነው። እማማ ጥሩ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። እኔ እንደተባልሁት ጻፍሁት።

ቀጥሎ ውሉ ተጻፈ፦ እማማ ጥሩ ወደ ቀያቸው እንዲመለሱ፣ መሬታቸውን እንዲያርሱ፣ በላይን ማንም እንዳይነካው። የዋሶቹም ስም ከታች ሰፈረ፤ የአንዱን ዋስ የአባት ስም የሚያውቅ ስላልነበረ ክፍት ተውሁት። ያቺ ዓረፍተ ነገር ብቻ ቀረች። መምሬ ወደሷ ተመለሱ።

«አስማረ፣ ይችን ቃል ትተዋታለህ?»

«እሷን አልተውም።»

«በዓይንህ አይተሃል? በጆሮህ ሰምተሃል?»

«ሰዎች ናቸው የነገሩኝ።»

«ሰዎቹ እዚህ አሉ?»

ሽማግሌዎቹ አንዱ ሲያርፍ ሌላው እየተነሣ ለመኑት፣ ገሠጹት፣ ደግሞ ለመኑት። ጥላው ዞሮ ሁላችንም ቦታ ቀየርን። በመጨረሻ «ስለ ይርጋ ነፍስ ብዬ ትቻታለሁ» አለና ተቀመጠ።

ዓረፍተ ነገሯን ሰረዝኋት። «ጠፋ?» አሉ መምሬ። «ጠፋ» አልሁ። ጌትነትና ዲያቆኑ ጎንበስ ብለው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። እማማ ጥሩ ነጠላቸውን ከአፋቸው አወረዱ። ያን ጊዜ ነው ፊታቸውን በደንብ ያየሁት።

የቀረው ያ ክፍት የተውሁት ስም ብቻ ነበር። የሚያውቀው ሰው ተገኝቶ ነገረኝና ወደ ታችኛው መስመር ወርጄ ጻፍሁ፤ ተሳሳትሁ። መመለሻውን ተጫንሁ። ፀሐይዋ ከጋቢው ጠርዝ አምልጣ ሰሌዳው ላይ ስላረፈች ስሙ መጥፋቱን አላየሁም፤ ደግሜ ተጫንሁ። ምንም የተለወጠ ነገር አልታየኝም። ማሽኑ ፈዘዘ ብዬ ስሙን አስተካክዬ ጻፍሁና ጨረስሁ።

ከዚያ እንዲነበብ ጽሑፉን ወደ መጀመሪያው መስመር መለስሁት። ሰሌዳው በሙሉ ታደሰ። እኔ ጋቢውን ልይዝ ተነሣሁ፤ ጌትነት ቦታዬ ላይ ተቀምጦ በጥሩ የመምህር ድምፅ ያነብ ጀመር። ሰዉ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። የይርጋ ማለዳ አለፈ፣ ጠቡ አለፈ፣ ቀጥሎም ጌትነት የተሰረዘችውን ዓረፍተ ነገር አነበባት። ምን እያነበበ እንደሆነ የገባው የመጨረሻዋን ቃል ካወጣ በኋላ ነው። በገዛ አፉ፣ በአክስቱ ፊት።

ጋቢው ከእጄ ወደቀ።

ጌትነት ከመደቡ ዘሎ ተነሣ። «ልጅቷን ገዝታችኋታል» አለ ወደ አስማረ እያየ። አስማረም ቆሟል። «በይርጋ አጥንት፣ እኔ የማውቀው የለም» አለ። ከሁለቱም ወገን ሰው ዱላውን አነሣ። እማማ ጥሩ ግን ለማንም ምንም ሳይሉ ተነሥተው ወደ ቅጥሩ በር መራመድ ጀመሩ። ሽማግሌዎቹ ደነገጡ፤ ተቀይሞ ከዚያ በር የወጣ ሰው ለዚያ ዕርቅ አይመለስም።

መምሬ ወደኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ጠፋ ብለሽን አልነበረም?» ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«አጥፍቼው ነበር መምሬ። ኋላ ስም ስጽፍ መመለሻውን አንድ ጊዜ አብዝቼ ተጫንሁ። እሱ መለሰው።»

«ሲመለስ እኔ አጠገብሽ ነበርሁ። ለምን አላየሁትም?» አለ ጌትነት።

«ሰሌዳው አላሳየንም። ውስጡ ሲለወጥ ሰሌዳው የቀድሞውን ይዞ ቀረ። እንደዚያ አድርጌ የሠራሁት እኔ ነኝ።»

«የጠፋውን ነገር ለምን ይይዘዋል?» አሉ መምሬ።

«ሰው ሲሳሳት እንዲመለስ ነው።»

«እንግዲያ ዛሬ ብታጠፊው ነገ ሱቅሽ ውስጥ ታመጭዋለሽ» አለ ጌትነት።

«ፕሮግራሙን ዘግቼ ብከፍተው ይረሳል።»

«መርሳቱን በምን እናያለን? ይህ ሰሌዳ አንዴ ዋሽቶናል» አለ ጌትነት።

እውነቱን ነው። አራት ዓመት የተማርሁት ትምህርት ያን ያህል ከንቱ ሆኖብኝ አያውቅም። በዚህ መሐል ቀና ስል እማማ ጥሩ በሩ ጋ ቆመዋል። ጀርባቸውን ሰጥተውናል፤ ይሰሙን ነበር።

«አንቺ ልጅ» አሉ ሳይዞሩ። «ያ ነገር ወደ ኋላ ይሄዳል አልሽ?»

«አዎ እማማ።»

«እስከ የት?»

«እስከ መጀመሪያው።»

«መጀመሪያው ላይ ምን አለ?»

«ምንም። ባዶ ነው።»

«እዚያ ድረስ ውሰጅው።»

«ከዚያ ወደ ፊት ሊመልሰው አይችልም?» አለ ጌትነት።

«ይችላል። ባዶው ላይ አንዲት ፊደል እስኪጻፍ ድረስ ብቻ። ከተጻፈች በኋላ ግን ማንም አያመጣውም። ቁልፉን አሳይሃለሁ፤ አንተው ራስህ ሞክረው።»

እማማ ጥሩ ዞሩ። «ፊደሏን አስማረ ይጻፋት» አሉ፤ ተመልሰውም ቦታቸው ላይ ተቀመጡ።

ዱላዎቹ ወረዱ። ሁሉም ከበበኝ። እጄን ቁልፉ ላይ ሳደርግ አስማረ «ቆይ» አለኝ።

«የይርጋም ነገር አብሮ ይሄዳል?»

«ይሄዳል አያ አስማረ።»

«ቃሏን ብቻ ማውጣት አይቻልም?»

«ቅድም አውጥቻት ነበር። ማሽኑ ግን ይህን ጽሑፍ እንደያዘ ሲቆይ እሷንም እንደያዛት ነው።»

«ጠዋት የተናገርሁትን ደግሜ መናገር አልችልም» አለ። ለኔ አይደለም የሚናገረው፤ ለመምሬ ነው። «እንደዚያ አድርጌ ለሰው ነግሬ አላውቅም። ለሚስቴም አልነገርሁ። ዛሬ ነው የወጣልኝ።»

መምሬ እጃቸውን ትከሻው ላይ አኖሩ። እኔም ጠበቅሁት። አንጀቴን በላው፤ ግን ልረዳው የምችልበት መንገድ አልነበረኝም። ረጅም ጊዜ ጥቁሩን ሰሌዳ ሲያይ ቆየ። ማንበብ አይችልም፤ ይርጋ የትኛው መስመር ላይ እንዳለ እንኳ አያውቅም።

«የቱ ጋ ነው ያለው?» አለኝ።

ከላይ ያሉትን መስመሮች በጣቴ አሳየሁት። አየው። «በይ» አለ።

መመለሻውን ተጫንሁ፤ በተጫንሁ ቁጥርም ሰሌዳውን በሙሉ አሳደስሁት። ዋሶቹ ሄዱ፣ ውሉ ሄደ፣ ያቺ ዓረፍተ ነገር ሄደች፣ ጠቡ ሄደ። የይርጋ ማለዳ ከግርጌው እያጠረ እያጠረ መጥቶ አለቀ። ጥቁሩ ሰሌዳ ባዶውን ቀረ፤ ጠቋሚው ብቻ ብልጭ ድርግም ይላል። ጌትነት የማምጫውን ቁልፍ ተጫነ፤ የመጀመሪያዎቹ መስመሮች መጡ። ከሰዉ መሐል ማጉረምረም ተሰማ። መልሼ ባዶ አደረግሁት።

አስማረ ጎንበስ አለ። ጣቱ ለቁልፉ ሰፊ ስለሆነ ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ተጫነ፤ ትርጉም የሌላቸው ሁለት ፊደላት ሰሌዳው ላይ ወጡ። ጌትነት የማምጫውን ቁልፍ ተጫነ። ደገመ። ደጋገመው። ከዚያ እጁን አንሥቶ «የለም» አለ።

እንደገና ጻፍን። እማማ ጥሩ «የይርጋን ስም ከላይ አድርጊው፤ ከኔ ልጅ ስም በፊት» አሉኝ። አስማረ ተራው ሲደርሰው ተነሥቶ «ወንድሜ ይርጋ ሞቶብኛል። ታርቄአለሁ። ሌላ የለኝም» አለ። ማንም ጨምር አላለውም። ጽሑፉ አጭር ስለሆነ ሰሌዳው ላይ ከላይ እስከ ታች በሙሉ ታየ። ጌትነት አነበበ፣ ዲያቆኑ አነበበ፣ መምሬ «አስቀምጭ» አሉኝ፤ አስቀመጥሁ። እማማ ጥሩ እግሩ ላይ ሊወድቁ ሲያጎነብሱ አስማረ ክንዳቸውን ይዞ አቆማቸው። በላይ በዚያው ወር አገሩ ገባ። የክረምቱን እርሻ ያረሰው እሱ ነው።

ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ ከዚያ ቀን በኋላ ምን አደረግሁ ብትሉኝ መጀመሪያ ሰሌዳውን አስተካከልሁ። አሁን መመለሻው በተነካ ቁጥር ሙሉው ሰሌዳ ይታደሳል። ዘገምተኛ ሆኗል፤ ግድ የለኝም። ቀጥሎ የተሰረዘውን ከነማስታወሻው የሚያጠፋ ቁልፍ ጨመርሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ጥሩ ፕሮግራም ማለት ምንም የማይረሳ ማለት ይመስለኝ ነበር፤ ኩራቴም እሱ ነበር። ሰው አንዳንዴ ማሽኑ እንዲረሳለት ለምኖ እንደሚመጣ፣ መርሳቱንም በዓይኑ ማየት እንደሚፈልግ ማንም አላስተማረኝም። እናንተም በስልካችሁ ጽፋችሁ የሰረዛችሁት ነገር በእርግጥ ጠፍቶ እንደሆነ አንድ ጊዜ ጠይቁ። እኔ ሳልጠይቅ ሰው ላጋድል ነበር።

አዲስ አበባ የመሄዱን ሐሳብም ተውሁት። በዕለቱ አይደለም፤ ቀስ በቀስ ነው። ሽማግሌዎች አሁን በየጊዜው ይጠሩኛል።

በቀጣዩ ዓመት አንድ የገበያ ቀን አስማረ ሱቄ መጣ። በሩ ላይ ቆመ፤ ግባ ብለው አልገባም። ስለ እህሉ ተጨዋወትን፣ ስለ በላይ ነገረኝ። ከዚያ «ያን ጠዋት የተናገርሁት» አለ። «ያ የይርጋ ነገር። በሌላ ቦታ የለም? ድንገት እንኳ የቀረ?»

«የለም አያ አስማረ። አንድም ቃል የለም።»

«ልክ ነው። እንደዚያ ነው የተባባልነው።» ሊሄድ ዞረ። «የይርጋ ልጅ አደገችና ስለ አባቷ ትጠይቀኛለች። ልነግራት እሞክራለሁ፤ እንደዚያ ቀን አልሆንልህ አለኝ።»

ማሽኑ የለውም። ግን ያን ሁሉ በጣቶቼ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ተቀመጥ አልሁት፤ አሁን ገባና ተቀመጠ። ይርጋ በዚያ ማለዳ ገና ጤዛው ሳይረግፍ ወደሱ ቤት እንደመጣ ነገርሁት። የገዛ ማረሻው ቀጥቃጭ ቤት ስለሆነ የወንድሙን ሊዋስ ነበር የመጣው። ቁርስ እንዲቀምስ ሲጠሩት አልቀመጥም ብሎ ቆሎውን በመዳፉ ይዞ ቆሞ በላ፤ ግማሹን ለዶሮዎቹ በተነ። የአስማረ ትንሽ ልጅ እግሩን ይዛ አትሂድ ስትለው ተሸክሟት እስከ አጥሩ ድረስ ሄደና አወረዳት። ማረሻውን ትከሻው ላይ አድርጎ «ማታ እመልሳለሁ» አለ። አስማረም ከቤት ውስጥ ሆኖ «ማረሻውን ስለህ መልስ» አለው። ዳገቱን እያፏጨ ወጣ። አስማረ አንገቱን ደፍቶ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሰማኝ። እንባው ሲወርድ አልጠረገውም።

ነገሩ ጠቡ የተነሣበት ድንበር ጋ ሲደርስ አቆምሁ።

«ከዚያስ?» አለኝ።

«ከዚያ በኋላ ያለውን አላስታውስም» አልሁት።

ቀና ብሎ አየኝ። «እኔም አላስታውስም» አለና ተነሣ።